የዕለቱ ቆሽት

ፕሮፌሰር ጎትሆልድ ሬመርስ የሞቱት የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነው። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀኝ እጃቸው ብዕሩን አልለቀቀም፤ ከማጅራታቸው የወረደው ደም የጻፉትን ገጽ እስከ ግማሹ ሸፍኖታል። ከወንበሩ ሥር አንድ የነሐስ ዘነዘና ወድቋል። ዘነዘናው የቤቱ ነው፤ በዚያ ቤተ ሙከራ የበሬ ቆሽት ይወቀጥበታል።

ያገኘቻቸው አግኒሽካ ሙሾል ናት፤ ብልቃጥ የምታጥብ፣ ምድጃ የምታነድ መበለት። አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የፈላ ውሃ ይዛ ገባች፤ ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ፤ ጩኸቷ ወንዙ ዳር ድረስ ተሰማ። እየሮጠ የደረሰው የፕሮፌሰሩ ረዳት ዶክተር ኤገን ታውቢትዝ ነበር። ከፎቅ ደግሞ የሟቹ ልጅ ክሎቲልድ ወረደች። ሦስቱም አስከሬኑን ከበው ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ፍርሃት ወደዚያ ቤት የገባው በዚያች ደቂቃ ነው። የመንገዱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። የጓሮው በር ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ቁልፉ ያላቸው ደግሞ ከሟቹ ሌላ እነሱ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ወሬው ቀኑ ሳይጋመስ የብሬስላውን ከተማ አዳረሰ። በኦደር ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች በቀን ብርሃን በራችንን መቀርቀር ጀመርን። እኔም ቀርቅሬያለሁ፤ አላፍርበትም። እኒያ ሽማግሌ ዝንብ እንኳ ሲገድሉ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን የገደለ ማንን ይምራል?

የፖሊሱ ኮሚሳር ሌበሬክት ፓሽኬ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። አጭር፣ ወፍራም፣ ዘወትር የሚበርደው ሰው ነው፤ ቤት ውስጥም ጓንቱን አያወልቅም። የሥጋ ሻጭ ልጅ በመሆኑ የከተማው ዐቃቤ ሕግ በየስብሰባው ይቀልድበታል። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቢላና ደም ስላየ አስከሬን ፊት አይደናገጥም፤ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት በጥድፊያ ያሰረው አንድ ጋሪ ነጂ እውነቱ ሳይወጣ እስር ቤት ውስጥ ሞቶበታል። ከዚያ ወዲህ «ነገሩ ግልጽ ነው» የሚል ሰው ሲሰማ ምርመራውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መጀመሪያ ያነጋገረው ክሎቲልድን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣለች።

«አባትዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«አላየሁትም፤ ሰማሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከታች ሆኖ ‹መነጽሬን ማን ወሰደው?› ብሎ ተጣራ። ‹ግንባርህ ላይ ነው አባዬ› አልኩት። በየቀኑ እንዲሁ ነው የምንባባለው።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ማን ነው ያለው?» አለች ወደ በሩ እያየች። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። «አዎ። ከዶክተር ታውቢትዝ ጋር በፋሲካ ልንጋባ ነበር። አባዬ ድንገት ‹ትንሽ ቆዩ› አለ። ለምን ስለው አልነግርሽም አለኝ። ቆሽቴ አርሮ ጮኽኩበት። መጨረሻ በደንብ ያወራነው ያንን ነው።»

«ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላስ የት ነበሩ?»

«ፎቅ፣ ብቻዬን። ምስክር የለኝም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጌታው ኮሚሳር፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማንን ልመን? ሻይ ሲቀርብልኝ እንኳ መጠጣት ፈራሁ።»

ፓሽኬ ራሱም የቀረበለትን ሻይ አልነካም ነበር።

ዶክተር ታውቢትዝ ረጅምና ጽዱ ሰው ነው። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ጠምጥሟል። በከተማው የሚታወቀው ስለ ቆሽት በጻፈው መጽሐፍ ነው፤ በዚሁ መጽሐፍ የተነሳ ከፋሲካ በኋላ የራሱን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሊይዝ ቀጠሮ ተይዞለታል።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ ወጥቼ በቀጥታ ቄራ ሄድኩ» አለ። «ሁለት ሰዓት ላይ የታረደ በሬ ቆሽት ተቀበልኩ። ወንዙን ተሻግሬ እዚህ ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ አግኒሽካ ስገባ አይታኛለች። ቆሽቱን ከተፍኩ፣ ከለብታ ውሃ ጋር ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩት፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ፋይብሪኑን አስገባሁ። ወዲያው ጩኸቱን ሰማሁ።»

«ፋይብሪን ምንድን ነው?»

«ደም ሲታጠብ የሚቀር ነጭ ክር ነው። ቆሽት ውስጥ ሥጋ የሚፈጭ ኢንዛይም አለ፤ ክሩን ይበላዋል። እኛ እዚህ የምንለካው በስንት ሰዓት እንደሚጨርሰው ነው። ይኸውልዎ።»

ብልቃጡ በሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ቆሟል። ክሮቹ ጫፍ ጫፋቸው ተበልቶ ሳስተዋል። ፓሽኬ ሌሎች ክፍሎችን ሲያይ ቆይቶ ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። በብልቃጡ ውስጥ አንድም ክር አልነበረም።

«የት ሄደ?»

«ተፈጨ» አለ ታውቢትዝ ፈገግ ብሎ። ሰው በተገደለበት ቤት ፈገግ ማለቱ ትዝ ሲለው ፊቱን መልሶ አጨማደደ።

የፖሊስ ሐኪሙ ፕሮፌሰሩ የሞቱት ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ለመሆኑ እምላለሁ አለ። በዚህ ስሌት ዶክተሩ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ አግኒሽካ ግን ከሦስት ሰዓት ጀምራ ታች ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ሽርጧም ደም በደም ነው።

«የፋይብሪኑ ደም ነው ጌታዬ፣ በማርያም!» አለች ሽርጧን እየገለጠች። «ደም አጥባለሁ እኮ! ሁሌ እንዲህ ነኝ። ይዩት፣ ደርቋል፣ የሰኞ ነው!»

«ይታየኛል። ቆሽቱን ከቄራ የሚያመጡት እርስዎ አልነበሩም?»

«እኔ ነበርኩ፤ አርብ አርብ ለዶክተሩ። ረቡዕ ዕለት ግን ‹አግኒሽካ፣ ጉልበትሽን አሳርፊ፤ የዚህን ሳምንት እኔው አመጣለሁ› አሉኝ።»

«ደግ ሰው ናቸው ማለት ነው?»

አሰብ አደረገች። «በሦስት ዓመት እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።»

«ለነገሩ በዚህ በረዶ፣ በዚያ ጉልበት፣ በማለዳ ቄራ ድረስ መሄድ እንዴት ይቻላል?»

የአግኒሽካ እጆች ሽርጧ ሥር ገቡ። «ልማድ ነው» አለች ወለሉን እያየች።

የምትደብቀው ነገር እንዳለ ፓሽኬ ገባው። ችግሩ፣ በሩ ላይ ለቆመው ዐቃቤ ሕግም ገባው። «ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ዐቃቤ ሕጉ። ከሰዓት በኋላ አግኒሽካን ወሰዷት። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡ ለፍርድ ቤት ይተላለፋል፤ ከተላለፈ በኋላ እንደ እሷ ላለች ድሃ የፖላንድ መበለት የሚከራከር አይገኝም። በእኛ አገር የነፍሰ ገዳይ አንገት የሚቆረጠው በመጥረቢያ መሆኑን እሷም አሳምራ ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፓሽኬ ቄራ ሄደ። አለቃው በእንፋሎቱ ውስጥ ቢላውን እየሳለ አነጋገረው።

«ሻርፓሙ ዶክተር? አይቼዋለሁ እንጂ! ቆሽት ሰጥቼዋለሁ።»

«ሐሙስ ነው አርብ?»

«ኧረ ጌታው፣ እዚህ ጭጋግ ውስጥ ሐሙስና አርብ በምን ይለያል? የሰጠሁት በሬ ቢጠየቅ ይሻላል።»

ከዚያ ክሎቲልድ ዘንድ ሄዶ ደም የነካውን የአባቷን ማስታወሻ እንድታነብለት ለመናት። የሽማግሌው ጽሕፈት ለሌላ ሰው አይነበብም። ደም ያልሸፈነውን የገጹን ግማሽ አነበበች፦

«‹ለሰባተኛ ጊዜ ቄራ ራሴ ሄድኩ። ቆሽቱን ከነሙቀቱ ካፖርቴ ሥር ይዤው መጣሁ። ፋይብሪኑን አልነካውም። ያንኑ ቆሽት ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሬ በማግስቱ ስሞክረው ግን ጠራርጎ በላው። ኢንዛይሙ በቆሽት ውስጥ የሚፈጠረው ተኝቶ ነው፤ የሚነቃው በኋላ ነው። ቅዳሜ ለሊቃውንት ማኅበሩ እናገራለሁ። ለኤገን ነገርኩት። ሳቀብኝ።›»

«የዶክተሩ መጽሐፍ ምን ይላል?»

ክሎቲልድ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። «ተቃራኒውን» አለች። «ኢንዛይሙ ገና ከጅምሩ ነቅቶ፣ ተዘጋጅቶ ይገኛል ይላል። መቶ ሃያ ጊዜ ሞክሯል፤ መቶ ሃያውንም ጊዜ የዕለቱ ቆሽት ፋይብሪኑን በልቶለታል። ኤገን ቁጥር አይዋሽም ጌታው ኮሚሳር። የፈለጉትን ይበሉት፣ በሥራው ግን ሐቀኛ ነው።»

«አባትዎስ?»

«አባዬም አይዋሽም። ‹ነቅቶ ቢፈጠር ቆሽቱን ራሱን ይበላው ነበር፣ የወለደውን› ይለኝ ነበር። ስሰማው ይዘገንነኝ ነበር።»

ፓሽኬ መንገዱን በእግሩ እየዞረ አሰበ። አንድ ነገር ከልጅነቱ ያውቃል። አባቱ የዕለቱን ቆሽት ከሥጋው አጠገብ እስከ ምሳ ቢያቆየው ግድ የለውም፤ ሱቁ ሲዘጋ ግን ለውሻ ይወረውረዋል። አንዴ ረስቶት አድሮ፣ አጠገቡ የነበረው የሙክት ሥጋ ልሞ ላልቶ ተገኝቶ ነበር። ይህ የፕሮፌሰሩን ቃል ይደግፋል። ሽማግሌው ልክ ከሆኑ ደግሞ አርብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፋይብሪን ያጠፋው ቆሽት አርብ የታረደ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን መቶ ሃያ የዕለቱ ቆሽት እንዴት ሥራውን ሠራ? ዐቃቤ ሕጉ ይህችን ጥያቄ አንስቶ ያባርረዋል። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች አንድ ነገር ሠርተው የተለያየ ነገር ካዩ፣ አንደኛው የማያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ቆሽቱን ለፕሮፌሰሩ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ለዶክተሩስ?

እስር ቤት ሲደርስ አግኒሽካ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። በአንድ ሌሊት ውስጥ ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ያመጡላትን ዳቦ አልቀመሰችም።

«ጌታዬ፣ ሲቆርጡ ዓይን ይሸፍናሉ?» አለችው።

ፓሽኬ ጓንቱን አወለቀ። ሰው ፊት ሲያወልቅ ያየው የለም። «ወይዘሮ ሙሾል፣ ይስሙኝ። ማንም እንዲቆርጥዎት አልፈልግም። ግን የደበቁኝን ካልነገሩኝ እኔም እጄ ታስሯል። ስለ ቆሽቱ ነው፤ አይደለም?»

«ከነገርኩዎትማ ውሸታም ነኝ ማለት ነው። ለውሸታም ማን ይፈርድላታል?»

«ይንገሩኝ።»

«አርብ ጠዋት አምጥቼ አላውቅም» አለች፤ ቃሉ ሲወጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስሄድ፣ ቄራ ሳልደርስ በረዶው ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት የጎረቤቴ ጋሪ ወደ ቄራ ስለሚሄድ በሱ እየሄድኩ አመጣለሁ። እንዳይበርድብኝ ከማጠቢያ ክፍሌ ምድጃ ጀርባ በማሰሮ አኖረዋለሁ። አርብ ሦስት ሰዓት ላይ አውጥቼ ‹ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው ዶክተር› እላቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ። ሥጋ ሥጋ ነው ብዬ እኮ ነው! አንድ ሌሊት ቢያድር ምን ይሆናል ብዬ!»

መቶ ሃያው ቆሽት ከፓሽኬ ዓይን ፊት ተደረደረ፤ ሁሉም ምድጃ ሥር ያደረ።

«ለዶክተሩ ነግረዋቸው ያውቃሉ?»

«በስመ አብ! ያባርሩኛል እንጂ!»

«መልካም። አንድ ነገር ልጨምር። አርብ ዕለት ዶክተሩ ሲገቡ ምን አሉዎት?»

«ምንም። ቢላ አንስተው ዝም ብለው መክተፍ ጀመሩ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜማ ‹አግኒሽካ! ዘነዘናው የት ገባ?› እያሉ ቤቱን ያናውጡታል። ፕሮፌሰሩም ለራሳቸው ሥራ ይወስዱታል፤ መቼም ቦታው አይገኝም። ያን ዕለት ግን አልጠየቁኝም።»

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሁሉም በቤተ ሙከራው ተሰበሰቡ። ክሎቲልድ ጥቁር ለብሳ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ብብቱ ሥር ይዞ ሰዓቱን ያያል። አግኒሽካ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች፤ አንደኛው ክንዷን ይዟታል። ታውቢትዝ እጁን ታጥቦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቃል።

ፓሽኬ ሁለት ማሰሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአንዱ ክዳን በቀይ ክር፣ የሌላው በነጭ ታስሯል። «ዶክተር፣ እኔ መሃይም ነኝ። አርብ ያሳዩኝን እንደገና ቢያሳዩኝ? ሁለት የበሬ ቆሽት ነው። አንዱ ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ሲታረድ ቆሜ ያየሁት ነው፤ እነዚህ ሁለት ፖሊሶችም አይተዋል። ሌላው ትናንት የታረደ፣ ምድጃ ጀርባ ያደረ ነው።»

«ልዩነት የለውም» አለ ታውቢትዝ ትከሻውን ነቅንቆ። «መጽሐፌን ቢያነቡት እዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ አይገቡም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ብቻ እርስዎ በእጅዎ ይሥሩት።»

ሠራው። ሁለቱንም እኩል መዝኖ፣ በቢላ ከትፎ፣ በአንድ ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን አቆማቸው፤ በየብልቃጡ አንገት የየራሱን ክር አሰረ፣ ፋይብሪኑን ጨመረ። ሥራው የሚያምር ነበር።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ገንዳው ሥር ያለው መብራት ይንሾካሾካል። ውጭ የበረዶ ግግር ከወንዙ ላይ ሲሰነጠቅ ሁሉም ይደነግጣሉ። አግኒሽካ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ጸለየች፤ አንገቷ በእነዚያ ብልቃጦች ላይ እንደተንጠለጠለ ታውቃለች፣ እንዴት እንደሆነ ግን አታውቅም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ይከፋል።

አምስት ሰዓት ላይ የቀይ ክሩ ብልቃጥ ፋይብሪን መሳሳት ጀመረ። የነጭ ክሩ እንደነበረ ነው።

ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ታውቢትዝ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ። «ውሃው ቀዝቅዟል።»

«ሁለቱም ያሉት አንድ ገንዳ ውስጥ ነው» አለ ፓሽኬ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል በቀዩ ብልቃጥ አንድም ክር አልቀረም። በነጩ ውስጥ ክሮቹ እንደገቡ፣ ወፍራምና ነጭ ሆነው ተቀምጠዋል።

«ነጩ የዛሬው ነው» አለ ፓሽኬ። «አሁን ነገሩን ላስረዳ፤ ረጅም አይደለም። ቆሽት ኢንዛይሙን ነቅቶ አይሠራውም። የሚሠራው የተኛውን ነው፤ የተማሩት ዚሞጅን ይሉታል አሉ። ሲያድር፣ ሲሞቅ ይነቃል። ፕሮፌሰሩ ይህን ያወቁት ቄራ ራሳቸው ስለሄዱ ነው። ዶክተሩ ያላወቁት ደግሞ በሕይወታቸው የዕለቱን ቆሽት ነክተው ስለማያውቁ ነው። ወይዘሮ ሙሾል ሦስት ዓመት ሙሉ የሐሙሱን አምጥተው ምድጃ ጀርባ አሳድረው ‹የዛሬ ነው› ሲሏቸው ኖረዋል።»

ታውቢትዝ ዞሮ አግኒሽካን አያት።

«አርብ ዕለት» አለ ፓሽኬ «ዶክተሩ ሁለት ሰዓት ላይ የታረደ ቆሽት አመጣሁ አሉኝ። ያ ቆሽት ግን ስድስት ሰዓት ላይ ፋይብሪኑን ጨርሶ አየሁት፤ በዓይኔ! ስለዚህ የዕለቱ አይደለም፤ የሐሙስ ነው። ቄራ የሄዱት ሐሙስ ነው፤ ቆሽቱን ሞቅ ባለ ቤታቸው አሳደሩት። ሁለቱ አንድ ነው ብለው ያምናሉና አልተጠነቀቁም። ታዲያ አርብ ጠዋት ቄራ ካልነበሩ የት ነበሩ? ለምንስ ዋሹ? ወይዘሮ ሙሾል ሦስት ሰዓት ላይ ሳይመጡ በፊት በቁልፋቸው በጓሮ በር ገብተው መውጣት ይችሉ ነበር። ሽማግሌው በማግስቱ ማኅበሩ ፊት ቆመው መጽሐፉን ሊያፈርሱት ነበር፤ ከመጽሐፉ ጋር ወንበሩን። ሠርጉንም ‹ትንሽ ቆዩ› ያሉት ለዚህ ነው፤ ልጃቸው ነገሩ ሳይጠራ እንዳታገባ።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ታውቢትዝ። «ቀን ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። የአሮጌ ቆሽት ጉዳይ ሰው አይገድልም።»

«ዘነዘናውስ? ዶክተር፣ በየሳምንቱ ዘነዘናው የት ገባ ብለው የሚጮኹ ሰው፣ አርብ ብቻ ሳይጠይቁ በቢላ ከተፉ። አስከሬኑ ገና አልተገኘም ነበር። ዘነዘናው መደርደሪያው ላይ እንደሌለ፣ ማምጣትም እንደማይቻል፣ ከገዳዩ በቀር ማን ያውቃል?»

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ክሎቲልድ ከመስኮቱ ተነሳች። «ኤገን» አለች። «አባዬ መቶ ሃያውን ጊዜ ድጋሚ እንሥራው ብሎህ ነበር? አብረን እንሥራው ብሎህ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«ለምን እሺ አላልከውም?»

ታውቢትዝ ግን እሷን አይሰማም። ነጭ ክር የታሰረበትን ብልቃጥ ከገንዳው አውጥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው፤ ነቀነቀው። ክሮቹ ዞረው ተመልሰው ተኙ። «ጃጅቷል ብዬ ነበር» አለ። «ሽማግሌው ጃጅቶ ሥራዬን ሊያጠፋ ነው ብዬ ነበር... ልክ ነበረ?» ድንገት ወደ አግኒሽካ ዞረ። «ምድጃ ጀርባ? አንቺ ደንቆሮ! ሦስት ዓመቴን ምድጃ ጀርባ?» ብሎ ሲንደረደር ፖሊሶቹ ያዙት። ሲወስዱት አልታገለም፤ «አንድ ሰዓት ጨምሩለት፣ አንድ ሰዓት ብቻ» እያለ ነበር የወጣው። ክሎቲልድ በሩ እስኪዘጋ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ወንበሩን እንኳ ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አግኒሽካን ነጻ ነዎት ቢሏት አልገባትም። ፓሽኬ እጇን ይዞ ደረጃውን አወረዳት፤ ጓሮ በር ሲደርሱ ቆመች። ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት እንዳልለቀቃት አየ።

«አለቀ እኮ» አላት። «ማንም አይነካዎትም። ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ‹ይህ የትናንት ነው› ብዬ ብነግራቸው ኖሮ... ዶክተሩ ያንን መጽሐፍ አይጽፉም ነበር?»

«አይጽፉም ነበር።»

«ፕሮፌሰሩስ?»

ፓሽኬ ሊዋሻት አፉን ከፈተ። ሰው መዋሸት ሥራው ነው፤ ብዙ ሰው ዋሽቶ ያውቃል። እሷ ግን ውሸት እንደማይፈይዳት ፊቷን ሲያይ ገባው።

«በሕይወት ይኖሩ ነበር» አላት።

አግኒሽካ ራሷን ነቀነቀች። ጫማዋን አጥብቃ አሰረች፤ በበረዶው ላይ፣ በዚያ ጉልበት፣ ወደ ቤቷ ሄደች።